የአድልዎ አቤቱታ ለደረሰው የቤት ዋጋ ገማች የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ ውስጥ ፈቃድ ያለኝ የመኖሪያ ቤት ዋጋ ገማች ነኝ። ባለፈው ዓመት ለሪፋይናንስ (ነባር የቤት ብድርን በአዲስ ለመተካት) የገመትኩት ቤት ባለቤት ጥቁር አሜሪካዊት ናት። ሌላ ገማች ከእኔ 80 ሺህ ዶላር ገደማ ከፍ አድርጎ ስለገመተላት፣ «በዘሬ ምክንያት ዋጋዬ ዝቅ ተደረገ» ብላ ለሃድ (ለፌዴራሉ የቤቶችና የከተማ ልማት ሚኒስቴር) አቤት ብላለች። ደብዳቤው ትናንት ደረሰኝ። እኔ ራሴ ጥቁርና ስደተኛ ነኝ፤ በሪፖርቴም ውስጥ ስለ ዘር አንድ ቃል የለም። እንዴት በአድልዎ ልጠየቅ እችላለሁ? አሁን ምን ላድርግ? ለወደፊቱስ ሪፖርቴን እንዴት ልጻፍ?

ምላሽ፦ ደብዳቤውን ከተቀበሉበት ቀን ጀምሮ መልስዎን ለማስገባት ሕጉ የሚሰጥዎ 10 ቀን ነው። ስለዚህ ሕጉን ከመተንተኔ በፊት በዚህ ሳምንት መሠራት ያለበትን ላስቀድም።

ለሙያ ኃላፊነት ኢንሹራንስዎ፣ ኢ ኤንድ ኦ ለሚሉት፣ ዛሬውኑ በጽሑፍ ያሳውቁ። አብዛኛው የዚህ ዓይነት ውል የሚሸፍነው አቤቱታው የመጣበትም ለኩባንያው የተነገረበትም ቀን በውሉ ዘመን ውስጥ ሲወድቅ ነው። «ነገሩ ራሱ ይበርድ ይሆናል» ብለው ቆይተው ውሉ ካለቀ በኋላ ቢናገሩ፣ ኩባንያው መዘግየትዎን ምክንያት አድርጎ እጁን ሊያነሳ ይችላል። ኩባንያው ጠበቃ ካልመደበልዎ በመኖሪያ ቤት አድልዎ ጉዳይ የሠራ ጠበቃ ራስዎ ይያዙ። መልሱ እውነት መሆኑን አረጋግጠው የሚፈርሙበት ሰነድ ነው፤ ብቻዎን በንዴት የሚጽፉት ደብዳቤ አይደለም።

ቀጥሎ ፋይልዎን እንዳለ ያቆዩት። ከኤም ኤል ኤስ (ከደላሎች የጋራ የሽያጭ መዝገብ) ያወረዱት ዝርዝር፣ አይተው የጣሏቸው ኮምፖች (ለማነጻጸሪያ የሚወሰዱ የተሸጡ ቤቶች)፣ በስልክዎ ያሉ ፎቶዎች፣ ከኤ ኤም ሲው (ሥራውን ከአበዳሪው ለገማቹ ከሚያስተላልፈው ድርጅት) ጋር የተጻጻፉት ኢሜይል፣ ለቀጠሮ የላኩት ቴክስት፣ አንዱም አይጥፋ፣ አንዱም አይታረም። አሁን ትዝ የሚልዎትን ማብራሪያ የዛሬን ቀን ሰጥተው ለጠበቃዎ ብቻ ይጻፉት እንጂ ወደ ድሮው ፋይል አያስገቡት። ኮምፒዩተር ፋይሉ መቼ እንደተነካ ይመዘግባል፤ አድልዎ ሳይፈጽሙ ፋይል ነክተው መገኘት ከአቤቱታው የከፋ ጣጣ ያመጣል። ዩስፓፕ (የገማቾች ሙያ መመዘኛ ደንብ) የሥራ ፋይል ቢያንስ 5 ዓመት፣ በጉዳዩ ፍርድ ቤት ከመሰከሩ ደግሞ ክርክሩ ካለቀ በኋላ 2 ዓመት፣ ከሁለቱ የረዘመውን ጊዜ እንዲቀመጥ ያዛል። አቤቱታ ከመጣ ግን ጉዳዩ እስኪዘጋ ድረስ ምንም አይጣልም።

ለቤቱ ባለቤት አይደውሉ። «ላስረዳት» የሚለው ቅን ሐሳብ እንኳ አቤት ያለን ሰው እንደማስፈራራት ሊታይ ይችላል፤ አቤት ባይን ማስፈራራትና መበቀል ደግሞ በሕጉ ራሱን የቻለ ጥፋት ነው። የመጀመሪያው አቤቱታ ውድቅ ቢሆን እንኳ በዚህ ብቻ ሊጠየቁ ይችላሉ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዎ። ፌር ሃውሲንግ አክት የወጣው በ1968 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በመጀመሪያ የከለከለው በዘር፣ በቀለም፣ በሃይማኖትና በትውልድ አገር የሚደረግን አድልዎ ነበር፤ ፆታ በ1974፣ አካል ጉዳትና ልጅ ያለው ቤተሰብ መሆን በ1988 ተጨመሩ። ሕጉ ሻጭን፣ ደላላንና አበዳሪን ብቻ ሳይሆን የመኖሪያ ቤት ዋጋ መገመትን በስሙ ጠርቶ ያስገባል። ለገማች የሰጠው ነፃነትም አለ፦ ከተከለከሉት ሰባት ነገሮች ውጪ ያለውን ማንኛውንም የዋጋ ምክንያት ማየት ይችላል። ቨርጂኒያ የራሷን ዝርዝር አክላለች፤ ዕድሜያቸው 55 የሞላ ሰዎች፣ የገቢ ምንጭ፣ የፆታ ዝንባሌና የፆታ ማንነት፣ የአሁንም የቀድሞም ወታደርነት በግዛቷ ሕግ የተጠበቁ ናቸው። ሥራዎ ወደ ሜሪላንድና ዲሲ የሚሻገር ከሆነ የእነሱም ዝርዝር ይለያያል፤ ሦስቱንም አትመው ጠረጴዛዎ ላይ ይለጥፉ።

ገማቾች በስማቸው የተጠሩት ያለ ምክንያት አይደለም። በ1930ዎቹ የመንግሥት የብድር ካርታዎች ጥቁሮች የሚኖሩበትን ሰፈር በቀይ ቀለም «አደገኛ» ብለው ሲመድቡ ፍርዱ ያረፈው በገማቾችና በሪል እስቴት ሰዎች ምስክርነት ላይ ነበር። ሕጉ ከወጣም በኋላ የሙያው ማስተማሪያዎች የነዋሪው ዘር አንድ ዓይነት መሆን ዋጋን ያጸናል ማለታቸውን አልተዉም፤ የፍትሕ ሚኒስቴር የገማቾችን ማኅበር ከስሶ ትምህርቱ በስምምነት እንዲቀየር የተደረገው በ1977 ነው። ስንሞላው በኖርነው 1004 ቅጽ (መደበኛው የቤት ግምት ሪፖርት ቅጽ) የሰፈር ክፍል ላይ ዘርም ሆነ የሰፈሩ የዘር ስብጥር የግምት መመዘኛ እንዳልሆነ የሚገልጽ ማስታወሻ የታተመው በዚህ ታሪክ ምክንያት ነው። እንደ ጌጥ አይለፉት።

እርስዎ ጥቁር መሆንዎ መከላከያ አይሆንም። ሰው በራሱ ወገን ላይ አያዳላም የሚለውን ግምት ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1977 በዳኝነት ጓድ አመራረጥ ጉዳይ፣ በ1998 ደግሞ በሥራ ቦታ ጉዳይ አልቀበልም ብሏል። በመልስዎ ውስጥ ዋና ነጥብ አድርገው ቢያቀርቡት መርማሪው የሚያነበው «ስለ ግምቱ የሚለው የለውም» ብሎ ነው።

የዋጋ ልዩነት ብቻውንም አድልዎ አይደለም። ሁለት ብቁ ገማቾች በአንድ ቤት ላይ ይለያያሉ፤ የግምቱ ቀን፣ የታየው እድሳት፣ በመካከሉ የተሸጠ ቤት ልዩነት ያመጣል። ልዩነቱ መርማሪውን ወደ ፋይልዎ የሚያስገባ በር ነው። ከገባ በኋላ የሚፈልገው የጥላቻ ቃል አይደለም፤ የሙያ ምክንያት የሌለው ውሳኔ ነው። ፍርድ ቤቶች ቀጥተኛ ማስረጃ በሌለበት የሚከተሉት መንገድ እንዲህ ነው፦ ከሳሿ ሕጉ የሚጠብቃት ሰው መሆኗንና ቤቷ ከሚገባው በታች መገመቱን የሚያሳምን ነገር ታቀርባለች፤ ከዚያ ገማቹ ሕጋዊ ምክንያቱን ይናገራል፤ ከዚያ እሷ ምክንያቱ ሽፋን ብቻ መሆኑን ታሳያለች። ሁለተኛው እርምጃ ላይ የሚያቀርቡት አቤቱታው ከመምጣቱ በፊት በፋይልዎ የተጻፈውን ነው። አሁን የሚፈጠር ምክንያት ሽፋን ይመስላል፤ ብዙ ጊዜም ነው።

ልዩነቱ እንዴት እንደሚፈጠር በምሳሌ ላሳይዎ። የሚገመተው ቤት 2,300 ስኩዌር ፊት ነው፤ ኮምፑ 1,900 ስኩዌር ፊት ሆኖ ከ8 ወር በፊት በ500 ሺህ ዶላር ተሽጧል። የአካባቢው ገበያ ለአንድ ስኩዌር ፊት 100 ዶላር ልዩነት እያሳየ ገማቹ ከልማድ 40 ዶላር ቢያስገባ፣ በ400 ስኩዌር ፊት ላይ 24 ሺህ ዶላር ጠፋ። ገበያው በወር 0.6 በመቶ እየጨመረ የጊዜ ማስተካከያ ባያደርግ በ8 ወር 4.8 በመቶ፣ ሌላ 24 ሺህ ዶላር ጠፋ። ወጥ ቤቱና ሁለቱ መታጠቢያ ቤቶች ከ3 ዓመት በፊት ታድሰው ሳለ ቤቱን በይዞታ ደረጃ ሲ4 (ከሲ3 ዝቅ ያለ) ብሎ፣ ተመሳሳይ ፎቶ ያለውን ኮምፕ ሲ3 ብሎ 30 ሺህ ዶላር ቢቀንስ ጠቅላላው 78 ሺህ ደረሰ። አንዳቸውም ላይ ዘር አልተነሳም። ነገር ግን የከሳሽ ባለሙያ በዚያው ዓመት ነጮች በሚበዙበት ሰፈር የጻፏቸውን ሪፖርቶች በፍርድ ቤት ትእዛዝ ያስመጣና እዚያ 100 ዶላር፣ የጊዜ ማስተካከያ፣ ሲ3 ሲጠቀሙ እንደነበር ያሳያል። ክሱ የሚጠነክረው እዚህ ላይ ነው። ጠበቃዎን ከማግኘትዎ በፊት ይህን ምርመራ ራስዎ ያድርጉት፤ የዚያን ዓመት ሪፖርቶች አውጥተው ማስተካከያዎችዎን በሰፈር ጎን ለጎን ያስቀምጡ። ጠበቃው ክፉውን ዜና ከተቃራኒ ወገን ሳይሆን ከእርስዎ ይስማው።

ከሁሉ በላይ ግን ጉዳዩ የሚወሰነው በኮምፕ ምርጫ ነው። በካሊፎርኒያ ማሪን ሲቲ የጥቁር ባልና ሚስት ቤት በ995,000 ዶላር ተገመተ፤ የቤተሰብ ፎቶዎችና ጌጦች ተነሥተው ነጭ ወዳጃቸው እንደ ባለቤት ሆና ስትቀበል ሌላ ገማች 1,482,500 ዶላር አለው። ከሳሾቹ ያነሱት ዋና ነጥብ የመጀመሪያው ገማች ኮምፖቹን ጥቁሮች በብዛት ከሚኖሩበት ከማሪን ሲቲ ውስጥ መርጦ ዙሪያውን መተዉ ነበር። የፍትሕ ሚኒስቴር ሕጉ ገማችን እንደሚመለከት ለፍርድ ቤቱ አስተያየት ጻፈ፤ ጉዳዩ በ2023 በስምምነት ተዘጋ። በባልቲሞር ሆምላንድ ሰፈርም ተመሳሳይ ክስ ተነሥቷል፤ በ2021 የመጀመሪያው ግምት 472,000፣ ቤቱ የነጭ መስሎ ሲታይ 750,000 ዶላር ነበር። እዚያ አበዳሪውም አብሮ ተከስሶ በ2024 አሠራሩን ሊያስተካክል ተስማምቷል። የቤት ብድር ከአበዳሪዎች የሚገዛው ፍሬዲ ማክ በ2021 ያወጣው ጥናትም ጥቁሮች በሚበዙባቸው አካባቢዎች 12.5 በመቶው ቤት ከውል ዋጋው በታች ሲገመት፣ ነጮች በሚበዙባቸው ግን 7.4 በመቶ መሆኑን አሳይቷል። እነዚህን ቁጥሮች ዳኛውም መርማሪውም ያውቋቸዋል።

ስለዚህ ኮምፕ ሲፈልጉ ከቤቱ ይጀምሩ፣ ከካርታው አይጀምሩ። ስፋቱን ከላይም ከታችም በ20 በመቶ፣ የግንባታ ዘመኑን፣ የቦታውን መጠን፣ የቤቱን ዓይነት ያስገቡና የአንድ ዓመት ሽያጭ ያውጡ። ከዚያ ይህን ቤት የሚገዛ ሰው ሌላ የት ሊገዛ ይችል ነበር ብለው ይጠይቁ፤ ያ ነው ገበያው። ወሰኑን ሲያሰምሩ ለእያንዳንዱ ጎን ምክንያት ይጻፉ፦ አውራ ጎዳና፣ የባቡር ሐዲድ፣ የትምህርት ዲስትሪክት ድንበር፣ የተለየ የግንባታ ዘመን። በአንዱ መንገድ ወዲህና ወዲያ ያሉት ቤቶች በአንድ ሠሪ በአንድ ዘመን የተሠሩ ሆነው የሚለያዩት በነዋሪው ብቻ ከሆነ፣ ያን መንገድ ወሰን ለማድረግ የሽያጭ ቁጥር ያስፈልግዎታል። «እዚያ ማዶ ሌላ ገበያ ነው» የሚለው ዓረፍተ ነገር ያለ ቁጥር ከተጻፈ ክስዎን ራስዎ ጻፉት ማለት ነው። ፍለጋው ያመጣቸውን ሁሉ አትመው ያስቀምጡ፤ ከተዉት ከእያንዳንዱ ጎን ግማሽ መስመር ምክንያት ይኑር፦ በሐራጅ የተሸጠ፣ በዘመዶች መካከል የተላለፈ፣ ሁለት መኪና ማቆሚያ ያለው። ይህ ለአንድ ሪፖርት 20 ደቂቃ ይጨምራል። ለመከላከያዎ ከየትኛውም የጠበቃ ንግግር ይበልጣል።

የ2024 እትም ዩስፓፕ ከጥር 1 ቀን 2024 ጀምሮ በሥነ ምግባር ደንቡ ውስጥ ስለ አድልዎ ራሱን የቻለ ክፍል አለው። ሁለት ነገር ይያዙበት፦ ክልከላው የቤቱን ባለቤት ብቻ ሳይሆን በአካባቢው የሚኖሩትንና ወደፊት ሊገዙ የሚችሉትንም ይመለከታል፤ የተጠበቀውን ባሕርይ በሌላ ስም ማስገባትም አያመልጥም። የነዋሪ አንድ ዓይነትነት ለዋጋ ያስፈልጋል የሚል መነሻ በየትኛውም መልክ አይፈቀድም።

ቃላትን በተመለከተ፣ በታኅሣሥ 2021 የፌዴራል ቤቶች ፋይናንስ ተቆጣጣሪ ኤጀንሲ በሪፖርቶች ውስጥ ስለ ሰፈር ዘር፣ ሃይማኖትና ስደተኝነት የተጻፉ አስተያየቶችን ሰብስቦ አሳይቷል። ዛሬ አበዳሪዎችና ፋኒ ሜይ (እንደ ፍሬዲ ማክ የቤት ብድር የሚገዛ ድርጅት) ጽሑፉን በኮምፒዩተር ያስፈትሻሉ። «ጥሩ ትምህርት ቤቶች» አይበሉ፤ የዲስትሪክቱን ስም ይጻፉ። «ሰላማዊ»፣ «ወንጀል የበዛበት»፣ «ባለቤቶቹ ቤታቸውን የሚያከብሩ»፣ «ለቤተሰብ የሚመች»፣ «እየተለወጠ ያለ ሰፈር» ይውጡ። «ለአብያተ ክርስቲያናት ቅርብ» አይጻፍ፤ በእኛ ዘንድ እንደ ምስጋና ይሰማል፣ በሕጉ ግን የሃይማኖት ማጣቀሻ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግንም ሆነ የኮሎምቢያ ፓይክን አካባቢ ሲገልጹ «የኢትዮጵያውያን ሰፈር» ማለት የትውልድ አገርን ወደ ሪፖርቱ ማስገባት ነው። ምግብ ቤቱና ሱቁ ለዋጋ ጠቃሚ ከሆኑ «የንግድ መስመር፣ በእግር 5 ደቂቃ» ይበቃል። ከቤቱ አጠገብ የአካል ጉዳተኞች የጋራ መኖሪያ ቢኖር ዋጋ ቀናሽ አድርጎ መጻፍ ቀጥተኛ ጥፋት ነው። የተሽከርካሪ ወንበር መወጣጫን እንደ ማንኛውም የቤቱ ክፍል ይግለጹ፤ ማን እንደሚጠቀምበት አይጻፍም። ዕድሜያቸው 55 ለሞላ ሰዎች በሕግ የተፈቀደ መንደር ግን ገደቡ የንብረቱ ሕጋዊ ሁኔታ ስለሆነ ይገለጻል።

ሪፖርቱን የሚያነበው አበዳሪው ብቻ አይደለም። የእኩል ብድር ዕድል ሕግ ደንብ በመጀመሪያ ደረጃ መያዣ ላይ ለሚሰጥ የቤት ብድር ቅጂው እንዳለቀ ወዲያው፣ ቢዘገይ ደግሞ ብድሩ ከሚፈረምበት ቀን 3 የሥራ ቀን በፊት ለተበዳሪው እንዲሰጥ ያስገድዳል። የሚጽፉትን ቃል ሁሉ የቤቱ ባለቤት ታነበዋለች ብለው ይጻፉ።

በጉብኝት ጊዜ ለሁሉም አንድ ዓይነት ይሁኑ። የእድሳት ዝርዝርና ደረሰኝ ለመቀበል ለአንዱ ጊዜ ሰጥተው ለሌላው ካጡ ራሱ ልዩ አያያዝ ነው። አጭር መጠይቅ አዘጋጅተው ከቀጠሮው በፊት ለሁሉም ይላኩ፦ ምን ታደሰ፣ መቼ፣ በስንት፣ በፈቃድ ነው? ፎቶ ሲያነሱ ሰው፣ የቤተሰብ ምስል፣ ግድግዳ ላይ ያለ ሥዕለ አድኅኖ ወይም ሌላ የእምነት ምልክት እንዳይገባ ማዕዘን ይምረጡ፤ ካልተቻለ ያደብዝዙ። ወደ አንዳንድ ሰፈር ሥራ አልቀበልም ማለትም በሕጉ ክልከላ ውስጥ ሊወድቅ ይችላል፤ ምክንያቱ የብቃት ማነስ ከሆነ በየትኛውም ሰፈር ላይ በእኩል የሚሠራ፣ በጽሑፍ ያለ መስፈርት ይሁን።

ብዙው አቤቱታ ከመወለዱ በፊት የሚሞተው ዋጋው እንደገና ይታይልኝ የሚል ጥያቄ ከአበዳሪው ሲመጣ በሚሰጠው መልስ ነው። አበዳሪ አንድ የተወሰነ ዋጋ እንዲያስገቡ ሊጫንዎ አይችልም፤ ሬጉሌሽን ዚ (የፌዴራሉ የብድር ግልጽነት ደንብ) ግን ተጨማሪ መረጃ እንዲያዩ፣ ማብራሪያ እንዲሰጡና ስሕተት እንዲያርሙ መጠየቅን ይፈቅዳል። «በግምቴ እጸናለሁ» የሚል አንድ መስመር አይላኩ። የቀረበውን እያንዳንዱን ኮምፕ በየተራ ይውሰዱ፤ ከግምቱ ቀን በፊት ተሽጧል? ርቀቱ ስንት ነው? ለምን ይገባል ወይም አይገባም? ቢገባ የተስተካከለው ዋጋ ስንት ይሆናል? ስፋት ተሳስተው ከሆነ ያርሙና ዋጋው የሚንቀሳቀስ ከሆነ ያንቀሳቅሱት። ታርሞ የወጣ ሪፖርት ለተከሳሽ ገማች ጥሩ ምስክር ነው።

አሁን ባለው አቤቱታ ላይ ከፊትዎ ያለው መንገድ ይህ ነው። ሃድ ጉዳዩን ለቨርጂኒያ የፌር ሃውሲንግ ቢሮ ሊያስተላልፈው ይችላል። ምርመራው በ100 ቀን እንዲያልቅ ሕጉ ያልማል፤ ብዙ ጊዜ ግን ይዘገያል። በመካከሉ ዕርቅ ይቀርብልዎታል፤ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ሥልጠናና የሪፖርት ቁጥጥርም ሊኖርበት ስለሚችል ከመፈረምዎ በፊት በፈቃድዎ ላይ ምን እንደሚያመጣ ይጠይቁ። በቂ ምክንያት አለ ከተባለ ክስ ይመሠረታል፤ ከዚያ ማንኛችሁም በ20 ቀን ውስጥ ጉዳዩ ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት እንዲሄድ መምረጥ ትችላላችሁ። በአስተዳደር ዳኛ ፊት ለመጀመሪያ ጥፋት ቅጣቱ ከካሳው ሌላ ከ25 ሺህ ዶላር በላይ ሊደርስ ይችላል፤ በፍርድ ቤት ደግሞ ለማስተማሪያ የሚጣለው ካሳ በሕጉ ጣሪያ የለውም። ወይዘሮዋ ሃድን ሳትጠብቅ በ2 ዓመት ውስጥ ራሷ መክሰስ ትችላለች፤ አቤቱታው ሃድ ዘንድ ያለበት ጊዜ አይቆጠርባትም። በሚያዝያ 2025 የወጣው የፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ያለ ሐሳብ የሚደርስን የአድልዎ ውጤት መከታተልን እንዲያላሉ አዟል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2015 በዚያ መንገድ መክሰስን ፈቅዷል፤ ሕጉም የግል ክሱም የግዛቱም ሥልጣን እንዳሉ ናቸው። በዋሽንግተን ለውጥ ላይ ተማምነው መልስዎን አያዘግዩ። የግዛቱ የገማቾች ቦርድ የራሱን ፋይል ሊከፍት ስለሚችልም በአንዱ የተናገሩት በሌላው እንደሚነበብ አስበው ይናገሩ።

ሪፖርቱን የፈረመ ተቆጣጣሪ ገማች ወይም የሚሠሩበት ድርጅት ካለ እነሱም በተለመደው የአሠሪ ኃላፊነት ሊገቡ ይችላሉ፤ ዛሬ ይንገሯቸው። ከ2026 ጀምሮ በሙያው ብቃት መስፈርት ውስጥ ስለ ግምት አድልዎና ፌር ሃውሲንግ ሕጎች ትምህርት ግዴታ ሆኗል፤ ለነባር ፈቃድ የመጀመሪያው 7 ሰዓት፣ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ 4 ሰዓት ነው። አሁኑኑ ይውሰዱት፤ ዕርቅ ላይ ሲደረስ አስቀድመው መውሰድዎ ይቆጠርልዎታል።

ኢንሹራንሱን ሲያድሱ ደግሞ ሦስት ነገር በጽሑፍ ይጠይቁ። ውሉ የአድልዎ ክስን ጨርሶ ያስወግዳል ወይስ የመከላከያ ወጪን ይከፍላል? የሚከፍል ከሆነ ጣሪያው ከዋናው ሽፋን የተለየ ትንሽ ገንዘብ ነው? ለሃድና ለግዛቱ ቦርድ የሚቀርብ አቤቱታ ፍርድ ቤት ከመድረሱ በፊት ይሸፈናል? ብዙ ውሎች ለመጀመሪያው «ያስወግዳል» ይላሉ፤ ያ ከሆነ ተጨማሪ አንቀጽ የሚሸጥ ኩባንያ ይፈልጉ፣ መልሱንም ከውሉ ጋር ያስቀምጡ።